የእቴጌ ሆቴልና የወለጋ መንገድ ዳር ገበታዎች

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአምቦና በባኮ በኩል ወደ ምዕራብ የሚጓዝ መንገደኛ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ነቀምት ሲደርስ፣ ከዚያም ወደ ጊምቢ ለመሻገር በዲጋ አድርጎ ወደ ደዴሳ ወንዝ ሲያቆለቁል፣ በየከተማው መግቢያና መውጫ አንድ ዓይነት ቤት ያጋጥመዋል። ግድግዳው ጭቃ፣ ጣራው ቆርቆሮ ነው። በፊት ለፊቱ ክፍል ሦስት ወይም አራት ጠረጴዛ ተደርድሯል፤ ከመጋረጃው በስተጀርባ ባለቤቶቹ ይኖራሉ። እናት ታበስላለች፤ ልጅ ታቀርባለች፤ አባት ሒሳብ ይቀበላል። ቤቱ አልጋ የለውም፤ ለማንም ማደሪያ አይሰጥም። ይሁን እንጂ በበሩ ላይ በቀለም የተጻፈው ስም «ሆቴል» የሚል ነው።

ቃሉ በተወለደበት አገር ሆቴል ማለት ማደሪያ ነው። ስለዚህ ከውጭ የመጣ እንግዳ አልጋ ፈልጎ ገብቶ ሽሮ ሲቀርብለት ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም። የወለጋ ሰው ግን ቃሉን ያለ ምክንያት እንዲህ አልተጠቀመበትም። ለኢትዮጵያዊው ሆቴል ከጅምሩ የታወቀው በአልጋው ሳይሆን በገበታው ነበርና። ይህም የሆነበትን ታሪክ ለመረዳት ከዲጋ ተመልሶ ወደ አዲስ አበባ አራዳ፣ ወደ 1900 ዓ.ም. መሄድ ያስፈልጋል።

ከዚያ ዘመን በፊት በአገራችን እንግዳ በገንዘቡ ገዝቶ የሚበላበት ወግ አልነበረም ማለት ይቻላል። ተራው መንገደኛ «የመሸበት እንግዳ» ብሎ ደጅ ይመታል፤ ባለቤቱም ካለው ያካፍለዋል። የመንግሥት መልእክተኛና የውጭ አገር ሰው ደግሞ ድርጎ ይቆረጥለት ነበር። ትእዛዙን ይዞ በደረሰበት ሁሉ ያገሩ ሰው እንጀራውን፣ ማሩን፣ በጉን፣ ለበቅሎውም ገብሱን ያቀርብለታል። ድርጎ በነጻ የተገኘ ምግብ ይምሰል እንጂ ዋጋው ተከፍሏል፤ የከፈለው ግን በሊታው ሳይሆን ገበሬው ነው። በቤተ መንግሥት አዳራሽ የሚገባው ግብርም የራሱ ሥርዓት ነበረው። መኳንንቱ በማዕረጋቸው ቅደም ተከተል ቀድመው ይቀርባሉ፤ ወታደሩና ሌላው ሕዝብ በየተራው ይገባል። የተቀመጠበትን ስፍራ በማየት ብቻ የሰውየውን ደረጃ ማወቅ ይቻል ነበር።

ምግብ ሸጦ መተዳደርም እንደ ነውር ይቆጠር ነበር። ጠጅና ጠላ የምትሸጥ ሴት «ኮማሪ» ስትባል በቃሉ ውስጥ ከሙያዋ ይልቅ ንቀቱ ጎልቶ ይሰማል። በጨዋ ቤት እንጀራ ይሰጣል እንጂ አይሸጥም።

ነገር ግን አዲስ አበባ እያደገች ሄደች። የባቡሩ ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። በ1898 ዓ.ም. የአቢሲኒያ ባንክ ተከፈተ። ከዓድዋ ድል ወዲህ ልዩ ልዩ መንግሥታት ሌጋሲዮኖቻቸውን አቋቋሙ፤ ነጋዴውም፣ ባለሙያውም፣ ጀብደኛውም ወደ ከተማይቱ ጎረፈ። ይህን ሁሉ ሰው በድርጎ ማስተናገድ የማይቻል ሆነ። እቴጌ ጣይቱ ብጡል በ1898 ዓ.ም. ሆቴሉን ያሠሩት በዚህ ጊዜ ነው። ንድፉ አርመናዊው ሙሴ ሚናስ ኸርቤክያን ያወጣው እንደሆነ ይነገራል። ሰገነቱ፣ ደረጃውና ወለሉ ከእንጨት የተሠራው ይህ ቤት በጥቅምት ወር 1900 ዓ.ም. ተመርቆ ተከፈተ። ዳግማዊ ምኒልክ የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች የሾሙትም በዚያው ወር ነበር።

እቴጌይቱ ለዚህ ሥራ እንግዳ አልነበሩም። በ1880 ዓ.ም. ገደማ የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ስትመረቅ ለብዙ ቀን የቆየውን ታላቅ ግብር ያሰናዱት እርሳቸው ናቸው። የቤተ መንግሥቱ ወጥ ቤት፣ ጠጅ ቤትና እንጀራ ቤት በእርሳቸው ትእዛዝ ሥር ነበር። ስለዚህ የአዲሱ ሆቴል ገበታ ከቤተ መንግሥቱ ጓዳ የወጣ ገበታ ነው። ባልና ሚስት ያቋቋሙት የአንድ ቤተሰብ ምግብ ቤት ነበር ቢባልም ከእውነት የራቀ አይሆንም፤ ባልና ሚስቱ ንጉሠ ነገሥትና እቴጌ መሆናቸው ነው ልዩነቱ።

ቤቱ ተከፈተ፤ የሚበላ ግን አልመጣም። ሲወርድ ሲዋረድ በመጣው ትውፊት እንደሚነገረው፣ መኳንንቱ ምግብ በገንዘብ መግዛት አሳፈራቸው። ንጉሠ ነገሥቱ ይህን ሲሰሙ ራሳቸው መኳንንቱን አስከትለው ሄዱ፤ ወጡን አመሰገኑ፤ የሁሉንም ሒሳብ ከኪሳቸው ከፈሉ። በማግሥቱ ሌላውም ከፍሎ እንዲበላ በቀልድ እያዋዙ አሳሰቡ። ከጥቂት ቀን በኋላ መኳንንቱ አንዱ ሌላውን መጋበዝ ጀመረ፤ ቀስ በቀስም ያለ ንጉሡ መምጣትን ለመዱ። የትውፊቱ ዝርዝር እንደ ተራኪው ይለያያል፤ ፍሬ ነገሩ ግን አንድ ነው። ነውሩን የሰበረው ዐዋጅ ሳይሆን ንጉሡ በሰው ፊት የከፈሉት ሒሳብ ነበር።

ዐዋጁም ግን አልቀረም። በዚያው ዓመት፣ በጥር ወር 1900 ዓ.ም.፣ ምኒልክ ባለ እጅን የሚሳደብ እንዲቀጣ የሚያዝ ዐዋጅ አስነገሩ። ብረት የሚሠራውን ጠይብ፣ ሸማ የሚሠራውን ሸማኔ እያሉ ማዋረድ እንዲቀር፣ የሰው ሁሉ ዘር ከአዳምና ከሔዋን እንደሆነ የሚያሳስብ ቃል ነበር። የምህንድስና ሙያ ባልደረባ ይህን ዐዋጅ ሲያስብ ስለ ቀጥቃጩና ስለ አናጢው ብቻ ማሰቡ የተለመደ ነው። ነገር ግን ምድጃ አጠገብ የቆመችውም ባለ እጅ ናት። የእርሷን ሙያ ከንቀት ለማውጣት የአገሪቱ ታላቂቱ ሴት በስሟ ምግብ መሸጧ ከዐዋጅ የማይተናነስ ድፍረት ነበር።

በሆቴሉ ገበታ ላይ የተለወጠው ክፍያው ብቻ አልነበረም። በግብር ላይ ስፍራን የሚወስነው ማዕረግ ሲሆን፣ በሆቴል ግን ቀድሞ የመጣው ይቀመጣል፤ ሒሳቡን የከፈለው ይበላል። ገንዘብ የሌለው ከደጅ መቅረቱ የዚህ ሥርዓት ጉድለት ነው፤ በግብር ቀን ድሀውም ከተራው አይቀርም ነበርና። አንዱ በር ሲከፈት ሌላው መዘጋቱ በታሪክ ብዙ ጊዜ የሚታይ ነገር ነው።

ወለጋ ይህን ልማድ የተቀበለችው በራሷ መንገድ ነው። ነቀምት የሌቃ ገዥዎች መቀመጫ፣ የወርቅና የቡና ንግድ መናኸሪያ ነበረች። በደጃዝማች ኩምሣ ሞረዳ ግቢ የውጭ አገር መንገደኞችና ነጋዴዎች ይስተናገዱ ነበር። ቡናዋም እስከ ዛሬ በዓለም ገበያ በጥንቱ ስሟ «ለቀምቲ» ተብሎ ይጠራል። መንገዱ የበቅሎ እስከሆነ ድረስ ግን ነጋዴው ስንቁን ይዞ፣ ድንኳኑን ተክሎ ያድራል እንጂ ምግብ ቤት አያሻውም። ለውጡን ያፋጠነው መኪና ነው። ኢጣሊያኖች በወረራው ዘመን ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምት የመኪና መንገድ ከፈቱ፤ ከነጻነት በኋላም የጭነት መኪናና አውቶቡስ በዚያው መስመር ተመላለሰ። ሾፌር ስንቅ አይቋጥርም፤ ትኩስ ምግብ ይፈልጋል፤ የሚቆመውም ለግማሽ ሰዓት ነው። የመንገድ ዳር ሆቴልን የወለደው ይህ ግማሽ ሰዓት ነው።

ግማሽ ሰዓቱ ገበታውንም ቀርጾታል። የወለጋ ቤት ኩራት አንጮቴ ነው፤ በመስቀል በዓል የማይቀር ሥር። ታጥቦ ይቀቀላል፤ ይላጣል፤ ከዚያም ተከትፎ ወይም ተወቅጦ በተነጠረ ቅቤ ይለወሳል። የተሰበረ አጥንት ይጠግናል እየተባለም ለታመመና ለአራስ ይሰጣል፤ በካልሲየም የበለጸገ መሆኑን የምግብ ተመራማሪዎች አረጋግጠዋል። ጩምቦም አለ፤ ወፍራም እንጀራው በቅቤና በእርጎ ርሶ ለክቡር እንግዳ የሚቀርብ። እነዚህ ጊዜና ትዕግሥት የሚጠይቁ፣ ለዘመድ የሚሠሩ ምግቦች ናቸው። የሚቸኩለው ሾፌር ግን የሚያገኘው በአብዛኛው ጥብስ፣ ሽሮና ፍርፍር ነው። እናቲቱ ምርጡን ለቤቷ አስቀርታ ፈጣኑን ለገበያ ታወጣለች። የጨዋ ቤት እንጀራ አይሸጥም የሚለው የጥንቱ ስሜት ምናልባት እዚህ ላይ ጥቂት ተርፎ ይሆናል።

በመንገድ ሥራና በድልድይ ጥናት ወደ ምዕራብ የዘመተ የሙያ ባልደረባ እነዚህን ቤቶች ያውቃቸዋል። ደመወዝ ሲዘገይ በዱቤ የሚያበሉት እነርሱ ናቸው፤ የዱቤው ደብተርም የብዙዎቹ ቤቶች ብቸኛ መዝገብ ነው። ሒሳቡ ሲዘጋ ደብተሩ ይጣላል። ባለቤቲቱ ስታርፍ ወይም ልጆቹ ከተማ ሲገቡ ቤቱ ይዘጋል፤ ማን እንደጀመረው የሚጽፍ የለም። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በወለጋ ጸጥታ በደፈረሰበት ጊዜ መንገድ በተዘጋ ቁጥር ምድጃቸውም አብሮ ቀዝቅዟል፤ አላፊ ከሌለ ሆቴልም የለምና።

የእቴጌይቱ ቤት ታሪክ የተጻፈለት በባለቤቲቱ ስም ምክንያት ነው። እርሳቸው በ1910 ዓ.ም. እንጦጦ ላይ ካረፉ በኋላም ሆቴሉ በልዩ ልዩ እጅ አልፏል። በ1928 ዓ.ም. ጦርነቱን ለመዘገብ የመጡ የውጭ ጋዜጠኞችን አስተናገደ፤ ከአብዮቱ በኋላ በመንግሥት ይዞታ ሥር ቆየ፤ ኋላም ወደ ግል ተዛወረ። በዘመናችን ያገሩ ሰውም ጎብኚውም የሚወደው በምሳ ሰዓት በረጅም ጠረጴዛ የሚደረደረውን የጾም ምግብ ነበር። እሑድ ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. የተነሣው ቃጠሎ የጃዝ ሙዚቃ ይቀርብበት የነበረውን አዳራሽ አወደመ፤ ዋናውንም ሕንጻ ክፉኛ ጎዳው። ከ100 ዓመት በላይ የደረቀ እንጨት ለእሳት ምን ያህል ምቹ እንደሆነ ለዚህ መጽሔት አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። ቤቱ ግን ታድሶ እንደገና ምግብ አቀረበ።