ከአስፓልቱ ጀርባ፦ የንፋስ መውጫ መስፋፋትና የመንገዶቿ ትስስር

የላይ ጋይንቷ ንፋስ መውጫ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ፣ ቻይናውያን የሠሩትን የወረታ–ወልድያ መንገድ ይዛ የተዘረጋች ከተማ ናት። የመንገድ ዳር ከተማ ትንሽ ሳለች ሱቁም ሆቴሉም አስፓልቱን ይዞ ስለሚደረደር ሰው ከሰው ለመገናኘት አይቸገርም። ጣጣው የሚመጣው ወደ ጎን መስፋት ስትጀምር ነው። እኔ እንደማምነው የከተማዋን ዕጣ የሚወስነው ከአስፓልቱ ጀርባ፣ ከእሱ ጎን ለጎን የሚሄድ ሁለተኛ መንገድ ቦታው ቤት ከመሠራቱ በፊት መከለል አለመከለሉ ነው።

የመንገድ ትስስር በመገናኛዎቹ ይለካል። መስቀለኛ መንገድ ሲበዛ አማራጭ ይበዛል። መውጫ የሌለው መንገድ ሲበዛ ግን መረቡ የዛፍ ቅርጽ ይይዛል፤ ከአንዱ ቅርንጫፍ ወደ ሌላው ለመሻገር እስከ ግንዱ መመለስ ግድ ይሆናል። ክሪስቶፈር ባሪንግተን-ሊ እና አዳም ሚላርድ-ቦል በጥር 2012 ዓ.ም. ባሳተሙት ጥናት፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1975 ወዲህ በብዙው ዓለም አዳዲስ ሰፈሮች ከቀደሙት ይልቅ ትስስራቸው እየላላ መሄዱን አሳይተዋል። ይበልጥ የሚያሳስበው ግን የመንገድ ዕድሜ ነው፤ ቤት ፈርሶ ይሠራል፣ መንገዱ ግን አንዴ በተሰመረበት ለትውልድ ይቀራል።

የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ከተሞች በፕላን እንዲመሩ ያዛል። ሆኖም በብዙ ከተሞቻችን ዳርቻ ፕላኑ መሬት ላይ ሳይወርድ ጨረቃ ቤቱ ይቀድማል። የእርሻ ድንበሩ የአጥር መስመር፣ የእግር መንገዱ ጠባብ መተላለፊያ ሆኖ ይቀራል። በኋላ መንገድ እንክፈት ቢባል በሕጋዊ ይዞታ ላይ ላለ ንብረት በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት ካሳ መክፈል ይመጣል፤ ይህ ለአንዲት አነስተኛ ማዘጋጃ ቤት ከባድ ሸክም ነው።

መፍትሔው ለአገራችን እንግዳ አይደለም። የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር በባሕር ዳር፣ በአዳማ፣ በሐዋሳና በመቀሌ የጀመሩት የከተማ ማስፋፊያ ሥራ፣ 30 ሜትር ስፋት ያላቸው ዋና መንገዶች በ1 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ቀድመው እንዲከለሉ የሚያደርግ ነው። ልኩ ለንፋስ መውጫ ይበዛል፤ ቅደም ተከተሉ ግን ለእሷም ይሠራል። ቀጥ ያለ አራት ማዕዘንም አያስፈልጋትም። ዋናዎቹ መንገዶች የተዳፋቱን አግድመት ይከተሉ፤ ሽቅብ ቁልቁል የሚያገናኟቸው መተላለፊያዎች ደግሞ መኪና ባያስገቡም ለእግረኛና ለጭነት አህያ ይብቁ፤ የጎርፍ ማፋሰሻ ቦዩም አብሯቸው ይውረድ። በእንዲህ ያለች ከተማ አብዛኛው ሰው እግረኛ ነው፤ የመንገድ መዞር ዋጋውን የሚከፍለው በጉልበቱ ነው። ሁለተኛው መንገድ ከሌለ የገበያ ቀን ከብት፣ ተማሪና ከባድ መኪና አንድ አስፓልት ላይ ይጋፋሉ።

ሥራው በኮብልስቶን መጀመር የለበትም። መጀመሪያ መስመሩ በድንጋይ ይከለል፣ ባለይዞታው አርሶ አደር ካሳውን ይቀበል፣ የመኖሪያ ቤት ማኅበራት ቦታም ከዚያ በኋላ ይሸንሸን።