ጉሮሮ ውስጥ የተቀመጠችው እንቁራሪት

እንግሊዝኛ ተናጋሪ ድምፁ ሻከር ሲልበት «ጉሮሮዬ ውስጥ እንቁራሪት አለች» ይልና ጠረግ ጠረግ አድርጎ ወሬውን ይቀጥላል። ፈረንሳዮች እዚያው ቦታ ድመት ያስቀምጣሉ።

አባባሉ ከየት መጣ ስትሉ አንድ ተረት ታገኛላችሁ፦ የመካከለኛው ዘመን ሐኪሞች ጉሮሮው የታመመ ሰው አፍ ውስጥ የምር እንቁራሪት ይከቱ ነበር የሚል። ያስቃል፤ ግን አባባሉ በጽሑፍ በደንብ የሚታየው ያ ዘመን ካለፈ ከስንት መቶ ዓመት በኋላ ነው። ለእኔ ድምፁ ራሱ ይበቃል። አክታ የያዘው ጉሮሮ ክረምት ላይ ኩሬ ዳር የሚሰማውን ነው የሚያሰማው።

ቀደም ካሉት ምስክሮች አንዱ ግን ጉንፋንን አያነሳም። አሜሪካዊው ቄስ ሃርቪ ኒውኮምብ በ1840ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ለወንዶች ልጆች በጻፈው የምክር መጽሐፍ፣ እንቁራሪቷ የምትቀመጠው «አይሆንም» ማለት ያቃተው ልጅ ጉሮሮ ላይ ነው። ጓደኞቹ ወደ ጥፋት ሲጠሩት ቃሉ አልወጣ ይለዋል። በእኛ ቋንቋ ይሄ አክታ ሳይሆን ይሉኝታ ነው። ደግሞ እኮ ይሉኝታ በማር አይለቅም! ኒውኮምብ ያዘዘው መድኃኒት ሌላ ነው፦ ብቻህን ገለል በል፣ ቃሉ እስኪወጣ ድረስ «አይሆንም፣ አይሆንም» እያልክ ተለማመድ።