ጎን ለጎን ጭነት

የአንድ ሶፍትዌር ሁለት ስሪቶች፣ አንዱ ሌላውን ሳይተካ፣ በአንድ ማሽን ላይ አብረው ሲሠሩ ባለሙያዎች «ሳይድ ባይ ሳይድ ኢንስታሌሽን» ይሉታል። በአማርኛ «ጎን ለጎን ጭነት» ብንለው ሐሳቡን በደንብ ይገልጸዋል። ይህ አሠራር በተለይ ለዳታቤዝ ሰርቨር ያስፈልጋል። ለምሳሌ ፖስትግሬስ የተባለውን ዳታቤዝ እንይ።

ፖስትግሬስ በየዓመቱ አንድ ዐቢይ ስሪት ያወጣል፤ ለእያንዳንዱም የደኅንነት ማስተካከያ የሚሰጠው ለአምስት ዓመት ያህል ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ስሪት 13 በኖቬምበር 2025 ድጋፉ አብቅቷል። በ13 ላይ ያለ ሁሉ ወደ አዲስ ስሪት፣ ለምሳሌ ወደ 17፣ መሻገር አለበት። ነገር ግን ዐቢይ ስሪቶች ዳታውን ዲስክ ላይ የሚያስቀምጡበት መንገድ ይለያያል። በዳታ ፎልደሩ ውስጥ የስሪቱን ቁጥር ብቻ የያዘች ትንሽ ፋይል አለች፤ 17 የ13ን ፎልደር ክፈት ቢባል ቁጥሩ ስለማይገጥም አይነሳም። ከ17.1 ወደ 17.2 ለማለፍ ግን ፕሮግራሙን ቀይሮ ሰርቨሩን እንደገና ማስነሳት ይበቃል።

ሁለቱ ስሪቶች አብረው እንዲኖሩ ሦስት ነገሮች መለየት አለባቸው፦ ፕሮግራሙ፣ የዳታ ፎልደሩና ፖርቱ። ዴቢያንና ኡቡንቱ ይህን ራሳቸው ያሰናዳሉ። ለእያንዳንዱ ስሪት በቁጥሩ የተሰየመ ፎልደር ይከፍታሉ፤ የመጀመሪያው ፖርት 5432ን ከያዘ ቀጣዩ 5433ን ይወስዳል። ማኅደረ ትውስታውን ግን ሁለቱም ስለሚሻሙ፣ ለነባሩ የማሽኑን ሩብ የሰጠ ሰው ለአዲሱም ያንኑ ከመስጠቱ በፊት ቢያሰላ ይሻላል።

ከዚህ በኋላ 13 ደንበኞችን እያስተናገደ የ17ን የመገልበጫ መሣሪያ ተጠቅሞ ዳታውን ከ5432 ወደ 5433 መገልበጥ ይቻላል። የ13 መሣሪያ ለዚህ አይመረጥም፤ አዲሱ መሣሪያ የቀድሞውን ሰርቨር ያነባል፣ የቀድሞው ግን አዲሱን አያነብም። ቀጥሎ የመተግበሪያው የሙከራ ቅጂ ወደ 5433 ይዞርና ሪፖርቱም፣ ፍለጋውም፣ ምዝገባውም አንድ በአንድ ይፈተሻል።

እዚህ ላይ ትልቅ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ፖርት ያልተነገረው መሣሪያ ብዙውን ጊዜ የሚሄደው ወደ 5432 ነው። በ17 ላይ እየሞከርኩ ነው ያለ ሰው የደንበኞችን እውነተኛ መዝገብ ከ13 ላይ ሊሰርዝ ይችላል። ስለዚህ ማንኛውንም የስረዛ ትእዛዝ ከመስጠት በፊት ሰርቨሩን «ስሪትህ ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ ልማድ ይሁን።

በመሻገሪያው ሰዓት ምዝገባው ይቆማል፤ የመጨረሻው ቅጂ ይወሰዳል፤ መተግበሪያው ወደ 17 ይዞራል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የሚገባው ዳታ 13 ላይ የለም። ወደ ኋላ መመለስ በየሰዓቱ እየከበደ ይሄዳል፤ ስለዚህ እስከ መቼ መመለስ እንደሚቻልና ማን እንደሚወስን ምዝገባው ከመቆሙ በፊት በጽሑፍ ይስፈር።