ወይፈን ማቅናት በጎብዬ ሜዳ

ወይፈን ማቅናት ሲባል ብዙዎች ጅራፍና ጉልበት ይታያቸዋል። በጎብዬና በቆቦ ሜዳ ግን ሥራው ከሁሉ በፊት ፍርሃት የማስለቀቅ ጥበብ ነበር ብዬ እሟገታለሁ። ከምዕራቡ ተራራ የሚወርደው ጎርፍ ወደ ማሳ ሲጠለፍ እርጥበቱ ሳያመልጥ መታረስ አለበት፤ ያን ጊዜ ቀንበር ሲነካው የሚደነብር በሬ ካለመኖሩ አይሻልም። ስለዚህ ትምህርቱ ቀደም ብሎ፣ ጥጃው መዥገር ሲለቀምለትና አንገቱ ሥር ሲታሽ ይጀምራል። ዛሬ የከተማ ሰው ፈሪ ቡችላውን ከማበጠሪያ በፊት በእጁ ሲያለማምድ የሚከተለው መንገድ ከዚህ ብዙም አይርቅም። ቀንበሩ ቆይቶ ይመጣል፤ ያውም ከሰከነ አንጋፋ በሬ ጎን።

ጅራፉስ የት ሄደ? የሚል ይኖራል። ጅራፍ መኖሩ አይካድም፤ ነገር ግን የቀናውን በሬ ያፋጥናል እንጂ የደነገጠውን አያቀናም፤ የባሰ ያስበረግገዋል፣ ሞፈርም ያሰብራል። መቀናጆም ይመሰክራል፦ አንድ አንድ በሬ ያላቸው ሁለት ገበሬዎች ሲቀናጁ በሬው የባዳ እጅ መቀበል ነበረበት። ይህ በሬን በእጅ ማለማመድ ርኅራኄ ሳይሆን ድህነት የወለደው ነው ቢባል ግማሹን እቀበላለሁ። ክፉ ቀን በተባለው የረሃብ ዘመን፣ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም.፣ በምጽዋ በኩል የገባው የከብት ወረርሽኝ የአገሪቱን አብዛኛውን የቀንድ ከብት ሲፈጅ ገበሬው መሬቱን በዶማ ቆፈረ፤ አፄ ምኒልክም ለአርአያነት ቆፍረዋል። ከዚያ እልቂት በኋላ የተረፈን ወይፈን በዱላ ለማሳበድ የሚደፍር ብዙ ሰው የነበረ አይመስለኝም።