ጽጌረዳ መከርከም ለምን አስፈራን?



ባለፈው ስብሰባ በማኅበራችን ግቢ አጥር ሥር ያሉት ጽጌረዳዎች ይነቀሉ ወይስ ይቆዩ የሚል ክርክር ተነሥቶ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ብዙዎቻችሁ «አርጅተዋል፣ አበባቸውም ጫፍ ላይ ብቻ ሆኗል፤ ቦታውን ለጎመን እናውለው» አላችሁ። እኔ ዝም አልኩ። ዝም ያልኩት የምለው አጥቼ ሳይሆን አፍሬ ነው። ላለፉት አራት ዓመታት ውኃ የማጠጣቸው እኔ ነኝ፤ አንድም ቀን ግን መቀስ አላሳረፍኩባቸውም።

ምክንያቱ ይህ ነው። እናቴ ካረፈች በኋላ ደጃፏ ላይ የነበሩትን ሁለት ጽጌረዳዎች ከረከምኩ። አንዷ ቀይ ቁጥቋጦ ነበረች፤ በሁለት ወር ውስጥ ከበፊቱ አብልጣ አበበች። ሌላዋ አጥር ላይ የምትወጣ ነጭ ነበረች፤ ያን ዓመት አንድ አበባ እንኳ ሳታሳየኝ ቀረች። ጎረቤት «እጅሽ ከባድ ነው» አለኝ፤ እኔም አመንኩ። ከክርክራችን በኋላ ግን ነገሩን ለማወቅ ማንበብ ጀመርኩ። ጥፋቱ የእጄ ክብደት እንዳልሆነ፣ ይልቁንም የሁለቱ ጽጌረዳዎች የዘር ታሪክ የተለያየ እንደሆነ ያወቅሁት ያኔ ነው።

እስከ 18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ድረስ በአውሮፓ ከነበሩት ጽጌረዳዎች አብዛኞቹ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ፣ በሰኔ ወር አካባቢ ያብቡ ነበር። አበባቸውም የሚወጣው ባለፈው ዓመት ካደገው እንጨት ላይ ነው። ስለዚህ ከማበባቸው በፊት የከረከማቸው ሰው የዚያን ዓመት አበባ አብሮ ቆርጦ ይጥላል። በቻይና የአትክልት ቦታዎች ግን ከዚያ ብዙ ዘመን ቀደም ብሎ ዓመቱን ሙሉ ደጋግመው የሚያብቡ ጽጌረዳዎች ይተከሉ ነበር። እነዚህ የሚያብቡት በአዲሱ ቀንበጥ ጫፍ ላይ ነው። አዲስ ቀንበጥ ባወጡ ቁጥር አዲስ አበባ ይኖራል።

እ.ኤ.አ. ከ1790ዎቹ እስከ 1824 ባለው ጊዜ አራት የቻይና ጽጌረዳዎች በመርከብ እንግሊዝ አገር ደረሱ፤ አንዷ ደማቅ ቀይ፣ አንዷ ሮዝ፣ አንዷ ፈዘዝ ያለች፣ አንዷም ቢጫ። በዚያው ዘመን የናፖሊዮን ሚስት ጆሴፊን በ1799 በገዛችው በማልሜዞን ግቢዋ ጽጌረዳ ትሰበስብ ነበር፤ ጽጌረዳን መሰብሰብ የዘመኑ ፋሽን እንዲሆን ካደረጉት ሰዎች አንዷ እሷ ናት። አትክልተኞች የቻይናዎቹን ከአውሮፓዎቹ ጋር አዳቀሉ። በ1867 ጊዮ የተባለ የሊዮን አትክልተኛ «ላ ፍራንስ» የተባለችውን ጽጌረዳ አወጣ፤ ብዙዎች የዛሬዎቹ ዘመናዊ ጽጌረዳዎች መጀመሪያ አድርገው የሚቆጥሯት እሷን ነው። በኋላ ሳይንቲስቶች እንደደረሱበት፣ ደጋግመው በሚያብቡት ላይ አበባን ይዞ የሚያቆየው ዘረ መል ሥራውን አቁሟል።

የእናቴ ቀይ ጽጌረዳ የቻይናዎቹ ልጅ ነበረች፤ መቁረጤ ጠቀማት። ነጯ ግን እንደ ጥንቶቹ በአሮጌ እንጨት የምታብብ ነበረች፤ ሳላውቅ አበባዋን ከነመኖሪያው ቆረጥኩት። ተክሏ ግን አልሞተችም። በሚቀጥለው ዓመት አበበች፤ እኔ ግን ፍርሃቴን ይዤ ቀረሁ።

ታዲያ መቀስ የሚያስፈራው እኔን ብቻ አይደለም። ለዚህም ታሪክ አለው። በ1858 ሬይኖልድስ ሆል የተባሉ እንግሊዛዊ ቄስ ለንደን ውስጥ የመጀመሪያውን ብሔራዊ የጽጌረዳ ትርኢት አዘጋጁ። በ1876 ደግሞ ብሔራዊ የጽጌረዳ ማኅበር ተቋቋመ፤ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንትም እሳቸው ሆኑ። በእነዚያ ትርኢቶች ሽልማት የሚያገኘው የአንድ አበባ ትልቅነትና ቅርጽ ነበር። ተወዳዳሪዎች ጥቂት ግን ግዙፍ አበባ ለማግኘት ሲሉ ተክሉን እስከ መሬት ድረስ ይቆርጡ ነበር፤ ስለ ቆረጣው አቅጣጫና ልክም ጥብቅ ደንብ አወጡ። ደንቡ ለውድድር የተሠራ ነው፤ ነገር ግን ደጃፏን ለማሳመር ብቻ የምትተክል ሴት ዘንድ ሲደርስ የፈተና ጥያቄ ሆነባት። በ1902 ጸሐፊዋ ገርትሩድ ጂኪል ከኤድዋርድ ማውሊ ጋር ባሳተመችው የጽጌረዳ መጽሐፍ ውስጥ ግን ጽጌረዳ በአጥርና በዛፍ ላይ እንደ ልቧ ስትዘረጋ ያላትን ውበት አሳየች።

በ1990ዎቹ ደግሞ ያው የጽጌረዳ ማኅበር ሴንት ኦልባንስ በሚገኘው የአትክልት ቦታው ሙከራ አደረገ። አንዳንዶቹን ቁጥቋጦዎች በደንቡ መሠረት አንድ በአንድ፣ ሌሎቹን አጥር እንደሚስተካከል በደፈናው ከረከመ። በደፈናው የተከረከሙት ከሌሎቹ ያላነሰ አበባ ሰጡ። ደንቡን ለዘመናት ሲያስተምር የኖረው ማኅበር ራሱ ጽጌረዳ ይቅር ባይ መሆኗን አሳየ ማለት ነው።

ለምን ይቅር እንደምትል ከ1930ዎቹ ጀምሮ ይታወቃል። የቀንበጡ ጫፍ ኦክሲን የተባለ ንጥረ ነገር ወደ ታች እየላከ ከሥሩ ያሉትን ዓይኖች ያስተኛቸዋል። ጫፉ ሲቆረጥ እነሱ ይነቃሉ። በአውሮፓ ጽጌረዳን የሚያስተኛት የክረምቱ ብርድ ነው። በእኛ ደጋ ግን እንዲህ ያለ ረጅም ብርድ የለም፤ ስለዚህ ሳንቆርጣት ብንተዋት ወደ ላይ ብቻ እየረዘመች እግሯ ባዶውን ይቀራል። የግቢያችን ጽጌረዳዎች የደረሰባቸው ይኸው ነው።

ይህን በአገራችን የአበባ እርሻዎች የሚሠሩ እህቶቻችን በደንብ ያውቁታል። በሆለታ፣ በሰበታና በዝዋይ ለየካቲት የፍቅረኞች ቀን ገበያ የሚደርሰው አበባ ታኅሣሥ መግቢያ ላይ ከተቆረጠ ግንድ የበቀለ ነው። ከቆረጣ እስከ አበባ ሁለት ወር ያህል ይፈጃል፤ የገበያው ዕቅድ በሙሉ የሚሠራው በዚህ ላይ ተመሥርቶ ነው። ለእነሱ መቀስ የዕለት እንጀራ እንጂ የሚፈራ ነገር አይደለም።

እንግዲህ ወደ ግቢያችን ልመለስ። ላለፉት አራት ዓመታት እንዳየሁት የእኛዎቹ መስከረም ላይ ያብባሉ፤ ጥር ላይም ይደግማሉ። ደጋግመው የሚያብቡ ስለሆኑ ሳንፈራ ልንቆርጣቸው እንችላለን። ዘሯን የማታውቁት ጽጌረዳ ቤታችሁ ካለች ግን አንድ ዓመት ታገሡና ተመልከቷት። በዓመት አንዴ ብቻ የምታብብ ከሆነች የምትከረከመው አብባ ስትጨርስ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መቀሱ የተሳለ ይሁን፤ ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ስትሄዱ በአልኮል ጥረጉት። በመጀመሪያ የደረቀውን፣ የታመመውንና እርስ በርሱ የሚፋተገውን አውጡ። በጣም ካረጁት ግንዶች አንድ ሁለቱን ከሥራቸው ቁረጡ። የቀሩትን በግማሽ ያህል አሳጥሩ፤ ወደ ውጭ ከሚያይ ዓይን ትንሽ ከፍ ብላችሁ ብትቆርጡ አዲሱ ቀንበጥ ወደ ብርሃን ይሄዳል። ቦታውን ብትስቱም አትደንግጡ፤ ተክሏ ራሷ ታስተካክለዋለች።

ጥያቄዬ አንድ ነው። ዝናቡ ካቆመ በኋላ ጥቅምት ላይ ልከርክማቸው፤ እስከ ጥር መጨረሻም ጊዜ ስጡኝ። ካላበቡ መቆፈሪያውን ይዤ የምነቅላቸውና ጎመኑን የምተክለው እኔው ራሴ ነኝ። ካበቡ ደግሞ ለሚቀጥለው ዓመት የመቀሱ ተራ የሌላ እህት ይሁን፤ እኔ አጠገቧ እቆማለሁ።