የኮንያው ሱፊና የማራጋው ፈላስፋ
የእስልምናን የአስተሳሰብ ታሪክ ባጭሩ የሚተርኩ መጻሕፍት አል-ገዛሊን እንደ ድንበር ምልክት ያቆሙታል፤ እ.ኤ.አ. በ1095 ፈላስፎችን የሚነቅፈውን መጽሐፉን ከጨረሰ ወዲህ ፍልስፍና ደከመ፣ ሱፊነት ነገሠ ይሉናል። የኋለኞቹን ሱፊዎች ድርሳናት ገልጦ ላየ ሰው ግን ይህ ትረካ አያስኬድም። ፈጣሪን «ህልውናው ግድ የሆነ»፣ ፍጡራንን «ህልውናቸው የሚቻል» እያሉ የሚለዩበት አነጋገር የፈላስፋው የኢብን ሲና ነው።

ብድሩ የአንድ ወገን አልነበረም። ኢብን ሲና (980–1037) «አል-ኢሻራት ወ-ት-ተንቢሃት» በተባለው መጽሐፉ ዘጠነኛ ክፍል ዛሂዱን (ዓለምን የናቀውን)፣ ዓቢዱን (በአምልኮ የተጠመደውን) እና ዓሪፉን (እውነትን ያወቀውን) ይለያል። ዓሪፍ ያልሆነ ሰው ዓለምን ቢንቅ፣ በኢብን ሲና ዓይን ንግድ ነው፤ የዚህን ዓለም ዕቃ ሰጥቶ የወዲያኛውን ይገዛል። ዓሪፉ ግን እውነትን የሚሻው ለራሷ ለእውነት ሲል ነው። መጽሐፉን አጥብቆ የተቸው ፋኽሩዲን አር-ራዚ እንኳ ይህን ክፍል አሞግሶታል። ከዚህ ተነሥቶ ኢብን ሲናን ሱፊ ማድረግ ግን ማጋነን ይመስለኛል፤ የሱፊዎቹን ቃላት የወሰደው በራሱ የነፍስና የአእምሮ ትምህርት ሊያብራራቸው ነውና።

ግንኙነቱ ጎልቶ የሚታየው በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። የሱፊው የኢብን ዐረቢ ደቀ መዝሙር ሰድሩዲን አል-ቁነዊ ከኮንያ ለነሲሩዲን አት-ቱሲ ጥያቄዎች ጻፈ። ቱሲ የኢሻራት ተንታኝና የኢብን ሲና ጠበቃ፣ በማራጋም የታወቀው የከዋክብት መመልከቻ መሪ ነበር። ከጥያቄዎቹ አንዱ፦ ህልውናው ግድ በሆነው ዘንድ ህልውና ከምንነት ጋር አንድ ነው ወይስ በላዩ የታከለ? ኢብን ሲናን አበጥሮ ያላነበበ ሰው ይህን አይጠይቅም።

የሚገርመው ግን ሌላው ነጥብ ነው። ቁነዊ አእምሮ ብቻውን የነገሮችን እውነተኛ ባሕርይ እንደማይደርስበት ሲከራከር፣ ለምስክርነት የጠራው ሱፊ ሼኽ አይደለም፤ ኢብን ሲናን ነው። ፈላስፋው «ተዕሊቃት» በተባለው ሥራው የነገሮችን ሐቅ ማወቅ ከሰው አቅም በላይ መሆኑን ጽፎ ነበርና። ቁነዊ «ያልቀመሰ አያውቅም» ብሎ ክርክሩን መዝጋት ይችል ነበር፤ ለሱፊ ቅምሻ (ዘውቅ) በቂ ማስረጃ ነው። ይህን ትቶ ተከራካሪው እምቢ ሊለው የማይችለውን መጽሐፍ ጠቀሰ። ቱሲም በአክብሮት፣ ጥያቄ በጥያቄ እየለየ መለሰለት።