የአገር ፍቅር ማኅበርና የአምቦ አገር ኪነ ጥበበኞች

ስለ ኢትዮጵያ ቴአትር ታሪክ የሚጻፈው ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ እዚያው አዲስ አበባ ላይ ያልቃል። በ1913 ዓ.ም. ገደማ ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የደረሱት የአውሬዎች ኮሜዲያ በቴራስ ሆቴል መታየቱ፣ ነገሩም በቤተ መንግሥት ዘንድ ቍጣ አስነሥቶ ቴአትር መታገዱ፣ ኋላም ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ የትምህርት ቤት ልጆችን እየሰበሰቡ ጨዋታ ማሳየታቸው በየጊዜው ይነገራል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን ከዋናው ከተማ በስተ ምዕራብ ያለው አገር፣ ማለት ሆለታ፣ አዲስ ዓለም፣ ጊንጪ፣ አምቦ፣ ጉደርና ጌዶ፣ በዚህ ታሪክ ውስጥ የተሰጠው ቦታ የተመልካች ቦታ ብቻ ነው። የአገሩ ሰው ቴአትር ሲመጣለት የሚያይ፣ ዘፈን ሲላክለት የሚሰማ ሆኖ ይታሰባል። እኛ በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው ይህ አሳብ ምን ያህል ትክክል እንደ ሆነ ነው። የኪነ ጥበብ ሰዎች ስለ አገር ጉዳይ በተጠሩ ጊዜ የአምቦ አገር ምን መልስ ሰጠ?

ነገሩን ከ1927 ዓ.ም. እንጀምር። በዚያ ዓመት በኅዳር ወር በወልወል ከኢጣልያ ጦር ጋር ግጭት ከተነሣ ወዲህ ጦርነት እንደማይቀር ነገሩን ለተከታተለ ሰው ሁሉ ግልጽ ሆኖ ነበር። መንግሥትም ለሚመጣው ነገር በሁለት ወገን ተሰናዳ። በአንድ በኩል የስዊድን መኰንኖች የሚያስተምሩበት የጦር ትምህርት ቤት በአምቦ መንገድ ላይ በሆለታ ገነት ተከፈተ። በሌላ በኩል በሐምሌ ወር በአቶ መኰንን ሀብተ ወልድ መሪነት የአገር ፍቅር ማኅበር በአዲስ አበባ ተቋቋመ። አንዱ ጠመንጃ አያያዝን፣ ሌላው ቃል አጠቃቀምን የሚያስለምዱ ሁለት ትምህርት ቤቶች በአንድ ዓመት ተወለዱ ብንል ብዙ አንሳሳትም። የሆለታ ዕጩ መኰንኖች ትምህርታቸውን ሳይፈጽሙ ወደ ጦርነት እንደ ተጠሩ ሁሉ፣ ማኅበሩም ሥራውን ገና ሳያደላድል ጦርነቱ ደረሰበት።

የማኅበሩ አሠራር ቀላል ነበር። ሕዝቡ በምኒልክ አደባባይ ይሰበሰባል፤ ንግግር ዐዋቂዎች ስለ ነጻነትና ስለ ጠላት አሳብ ይናገራሉ፤ በንግግሩ መካከል ዘፋኞችና ባለ መሰንቆዎች ተነሥተው ስለ አገር ይዘፍናሉ። ዘፈኑ የተጨመረው ሕዝቡ በንግግሩ እንዳይሰለች ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። አባባሉ ጥቂት እውነት ሳይኖረው አይቀርም፤ ረዥም ንግግር ቆሞ የሰማ ሰው ያውቀዋል። ሆኖም ለሠርግ፣ ለመኳንንት ግብርና ለጠጅ ቤት እንጂ ለሌላ ጉዳይ የማይፈለግ የነበረ አዝማሪ በአደባባይ ለአገር ጉዳይ እንዲቆም መጠራቱ ትንሽ ነገር አልነበረም። በዘመኑ አዝማሪ ምን ያህል ይናቅ እንደ ነበረ ለሚያስብ ሰው የነገሩ ክብደት ይገባዋል። ስለዚህ ማኅበሩን ተራ የስብከት መሣሪያ ነበረ ብለው ከሚያልፉት ጋር አንስማማም።

የማኅበሩ ጕድለት በሌላ በኩል ነው። ጉባኤው የአንድ ወገን ጉባኤ ነበር። የሚጠራው ለመንግሥት ቅርብ የሆነ ሰው ነው፤ የሚናገረው የተመረጠ ሰው ነው፤ ሕዝቡ ይሰማል፣ ያለቅሳል፣ ያጨበጭባል፣ ወደየቤቱም ይሄዳል። ዜጋው ልብ እንዲኖረው ተፈለገ እንጂ አፍ እንዲኖረው ገና አልታሰበም።

ጦርነቱ በመስከረም 1928 ዓ.ም. ተጀመረ፤ በሚያዝያ 27 ቀን ጠላት አዲስ አበባ ገባ፤ ማኅበሩም ተበተነ። የዘፈንና የቃል ሥራ በእውነት ኃይል ነበረው ወይ ብሎ ለሚጠይቅ፣ ከሁሉ የተሻለውን ምስክርነት የሰጠው ጠላት ራሱ ነው። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. እልቂት በኋላ ግራዚያኒ በመጋቢት ወር ወደ ሮማ በላከው ቴሌግራም ጠንቋዮች፣ ባሕታውያንና በየአገሩ እየዞሩ የሚዘፍኑ ሰዎች ለጸጥታ አደገኞች ስለ ሆኑ ተይዘው እንዲገደሉ ማዘዙን አስታውቋል። መድፍና አውሮፕላን የያዘ መንግሥት አንድ ገመድ ያለውን መሰንቆ ከፈራ፣ በመሰንቆው ውስጥ የሚፈራ ነገር ነበረ ማለት ነው።

በዚያው ዘመን በጅባትና ሜጫ ምድር ብዙ ሰው ወደ ጫካ ገባ። ከጊንጪ አቅራቢያ የተወለዱት ጃገማ ኬሎ፣ ኋላ ሌተና ጄኔራል የሆኑት፣ አርበኝነት ሲጀምሩ ገና የ15 ዓመት ልጅ ነበሩ። እንዲህ ያሉትን ጐረምሶች ማን ሰበካቸው ብለን ብንጠይቅ፣ የምኒልክ አደባባይ ንግግር እዚያ ድረስ ተሰምቶ ነው ብለን ራሳችንን ልናታልል አይገባም። ሬዲዮ በየቤቱ አልነበረም፤ ጋዜጣ የሚያነበውም ጥቂት ነው። አገሩ የራሱ የሆነ የቈየ የቃል ትምህርት ቤት ነበረው።

ከአምቦ ተነሥተን ጉደርን ተሻግረን ወደ ጌዶ ብንጓዝ፣ ከዚያ ባሻገር ኦዳ ቢሲል የሚባለውን ስፍራ እናገኛለን። ኦዳ በአማርኛ ሾላ የምንለው ዛፍ ወገን ነው። የሜጫ ኦሮሞ ወደ ምዕራብ ከተስፋፋ በኋላ የጉባኤው ስፍራ ያደረገው ይህን ነው፤ ሕጉንም የደነገገለት ማኮ ቢሊ እንደ ሆነ ከአባት ወደ ልጅ ሲነገር ኖሯል። በገዳ ሥርዓት ሥልጣን በየስምንት ዓመቱ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ይተላለፋል። ሕጉ በብራና ያልተጻፈ በመሆኑ በተመጠነና በተደጋገመ ቃል እየተቀመረ በጉባኤ ፊት ይነገር ነበር፤ ስለዚህ ሕግ ዐዋቂ መሆን የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ቃል ዐዋቂ መሆን ነበረበት። በሌሎች አገሮች ሕግ ለዳኛ፣ ግጥም ለባለ ቅኔ ተለይተው ሲሰጡ፣ በኦዳ ሥር ግን ሁለቱ ገና አልተለያዩም ነበር።

ከዚህም ጋር ጌራርሳ አለ። ጌራርሳ ለላይ ላዩ አማራው ፉከራና ቀረርቶ ከሚለው ጋር ይመሳሰላል፤ ጀግናው የሠራውን ሥራ ቈጥሮ ይናገርበታል፤ ያልሠራ ሰው ሊያወጣው ቢሞክር ያፍራል። ነገር ግን ጌራርሳ የጀግና ብቻ አይደለም። ያጣ ሰው ማጣቱን፣ የታሰረ ሰው መታሰሩን፣ የተበደለ ሰው በዳዩን የሚናገርበት ዜማም ነው። ሰሚውም ዝም ብሎ አይሰማም፤ ያበረታል፣ ይመልሳል፣ ተራውን ጠብቆ የራሱን ያወጣል። እርግጥ ኦዳን የፍጹም እኩልነት ስፍራ አድርገን ልንሥለው አንፈልግም፤ ሴቶች በገዳው የሥልጣን ተራ ውስጥ አልነበሩበትም። ቢሆንም የጉባኤው አሠራር ከምኒልክ አደባባዩ የተለየ ነው። በዚህኛው ተናጋሪው መልስ ይጠብቃል።

እንግዲህ ከነጻነት በኋላ የሆነውን ነገር እንመልከት። የአገር ፍቅር ማኅበር በ1934 ዓ.ም. እንደገና ተቋቁሞ በአዲስ አበባ አዳራሽ አገኘ፤ ዘፈንና ቴአትርም የዘወትር ሥራው ሆነ። ተጫዋቾቹም ወደ ጠቅላይ ግዛት ከተሞች ይወጡ ጀመር። በወንጪ ተራራ ማዶ፣ ከአምቦ በስተ ደቡብ ባለችው በወሊሶ፣ በዚያ ዘመን ጊዮን በተባለችው ከተማ፣ በራስ ጎበና ትምህርት ቤት ባሳዩት ጨዋታ ጊዜ አንድ ተማሪ ወደ ኢዮኤል ዮሐንስ ቀርቦ የመዝፈን ፍላጎቱን ነገራቸው፤ እሳቸውም ወደ አዲስ አበባ እንዲመጣ መከሩት። ልጁ ምክሩን አላቈየም፤ ከቤት ወጥቶ በቱሉ ቦሎ በኩል መንገድ ጀመረ። ይህ ልጅ ጥላሁን ገሠሠ ነው። በአገር ፍቅር ተቀጠረ፤ ከዚያም ወደ ክቡር ዘበኛ ተዛወረ። ቡድኑ ወደ ወሊሶ የሄደው ለማስተማር ነበር፤ ይዞት የተመለሰው ግን ከሰጠው የሚበልጥ ሆነ።

የዕድል ነገር ሆኖ፣ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. በክቡር ዘበኛው የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ ጊዜ በቤተ መንግሥት ከተገደሉት ባለሥልጣኖች አንዱ የማኅበሩ መሥራች አቶ መኰንን ሀብተ ወልድ ነበሩ፤ የክቡር ዘበኛ ባልደረባ በመሆኑ ተጠርጥሮ ከታሰሩትም አንዱ ጥላሁን ነበር። መሥራቹና ማኅበሩ ያስገኘው ዘፋኝ በአንድ አደጋ ውስጥ በሁለት ወገን ተገኙ።

የአምቦ መልስ ከሁሉ ይልቅ ጐልቶ የታየው በሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ነው። ጸጋዬ በነሐሴ 1928 ዓ.ም. ከአምቦ አቅራቢያ በቦዳ ተወለዱ፤ ጠላት አቡነ ጴጥሮስን በአዲስ አበባ በጥይት ካስገደለ ገና ጥቂት ሳምንት መሆኑ ነበር። በአምቦ ትምህርት ቤት ሳሉ በ13 ዓመታቸው ስለ ንጉሥ ዲዮኒስዮስ የሚናገር ቴአትር ደረሱ፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በተገኙበት ተጫወቱት። አንድ የአውራጃ ትምህርት ቤት ተማሪ በንጉሠ ነገሥት ፊት ስለ ንጉሥ የሚናገር ቴአትር ማቅረቡን ስናስብ፣ ልጁ የቴአትርን ጥቅም ከዋናው ከተማ ተመልካቾች ቀድሞ ያወቀ ይመስለናል። ኋላ በሎንዶን በሮያል ኮርት፣ በፓሪስም በኮሜዲ ፍራንሴዝ የመድረክ ሥራን አጠኑ፤ ተመልሰውም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር በምንለው፣ ዲሬክተር ሆኑ። ሼክስፒርን ወደ አማርኛ መልሰዋል፤ አቡነ ጴጥሮስንም ወደ መድረክ አምጥተዋቸዋል።

እኛን ይበልጥ የሚያሳስበን ግን በእንግሊዝኛ ጽፈው በ1965 እ.ኤ.አ. በኦክስፎርድ ማተሚያ ቤት ያሳተሙት ስለ ኦዳ የሚናገረው ተውኔታቸው ነው። የአምቦ አገር ልጅ ኦዳን ወደ መድረክ ሲያወጣ ሊያመሰግነው ይሆናል ብሎ የሚጠብቅ አንባቢ ይሳሳታል። በተውኔቱ ውስጥ የዛፉ ቃል ሻንካ የተባለውን ወጣት የበኵር ልጁን መሥዋዕት እንዲያደርግ ያስገድደዋል፤ በጥላው ሥር ያለው ነገር ፍርሃት ነው። ደራሲው ያደጉበትን የጉባኤ ጥላ ሳይቀር በጥያቄ አፋጠውታል። የመልስ ሰጪነት ጠባይ ይህ ነው፤ የራስንም አይምርም። ነገር ግን ቅሬታችንን መደበቅ አንችልም። በኦዳ ሥር የሚሰበሰበው ሕዝብ ያን መጽሐፍ ሊያነበው አይችልም ነበር፤ አማርኛ ብቻ የሚያነበውም እንዲሁ። ጥያቄው የተነሣው ስለ እነርሱ ሲሆን የቀረበው ለሌላ ሰሚ ነው።

በመንግሥት ቴአትር ቤት ዲሬክተር ሆነው ሳለ ከሥራዎቻቸው ጥቂት የማይባሉት በሳንሱር እጅ ወድቀዋል። በተጠሪነትና በመልስ ሰጪነት መካከል የቆመ ሰው ኑሮ እንዲህ ነው፤ ደመወዙን የሚሰጠው እጅና ጽሑፉን የሚሰርዘው እጅ የአንድ አካል እጆች ናቸው። ጸጋዬ ከለውጡም በኋላ አልተቀመጡም፤ በ1971 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ጥበባት ትምህርት ክፍል ሲቋቋም ከደከሙለት ሰዎች ዋናው ነበሩ።

በዚህ መካከል የኪነ ጥበብ ሰዎችን የመጥራት ልማድ በአገራችን ብቻ አልነበረም። በ1966 እ.ኤ.አ. ፕሬዚዳንት ሴንጎር በዳካር፣ በ1969 እ.ኤ.አ. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በአልጄርስ የአህጉሩን ከያንያን ሰብስበዋል፤ አዲስ ነጻ የወጡት መንግሥታት ሁሉ ከከበሮና ከግጥም ብዙ ይጠብቁ ነበር። በአገራችን ደግሞ በ1955 ዓ.ም. በሜጫና በቱለማ ስም የተቋቋመው የመረዳጃ ማኅበር ትምህርት ቤትና መንገድ እንሥራ እያለ ሕዝብ ይሰበስብ ነበር፤ ጉባኤው መልስ መስጠት ሲጀምር በ1959 ዓ.ም. ተዘጋ። በደርግ ዘመን በየቀበሌውና በየአውራጃው የተቋቋሙት የኪነት ቡድኖች ብዙ ወጣት ለመድረክ አብቅተዋል፤ የሚዘፈነው ነገር ግን ከላይ የሚወርድ ነበር። የ1927ቱ አሠራር በሌላ ልብስ ተመለሰ ማለት ይቻላል።

ከአምቦ የወጣው ሁለተኛው ታላቅ መልስ የሃጫሉ ሁንዴሳ ነው። ሃጫሉ በ1978 ዓ.ም. በአምቦ ተወለደ፤ በ1995 ዓ.ም. ገና የ17 ዓመት ልጅ ሳለ ታስሮ አምስት ዓመት በአምቦ ወኅኒ ቤት ኖረ። ግጥምና ዜማ መድረስን ያጠናከረው በዚያው ውስጥ ነው፤ የታሰረ ሰው ጌራርሳ ማለት በእርሱ ዘንድ የመጽሐፍ ቃል አልነበረም። በ2010 ዓ.ም. ከሶማሌ ክልል ለተፈናቀሉት ኦሮሞዎች ርዳታ ለማሰባሰብ በአዲስ አበባ በሚሌኒየም አዳራሽ የኪነ ጥበብ ሰዎች ተጠሩ። የክልሉ ባለሥልጣኖች በፊተኛው ወንበር ተቀምጠው ነበር፤ ትርኢቱም በቴሌቪዥን ይተላለፍ ነበር። ጥሪው በሁሉ ነገር ከምኒልክ አደባባዩ ጋር ይመሳሰላል፤ ጠሪ አለ፣ ጉዳዩ የአገር ነው፣ ዘፋኙም ሕዝቡን ለልግስና እንዲያነሣሣ ይጠበቃል። ሃጫሉ ግን ጌራርሳውን ይዞ ወጣ። ሕዝቡን ብቻ ሳይሆን በፊቱ የተቀመጡትንም ባለሥልጣኖች ስለ ቍርጠኝነታቸው ጠየቃቸው፤ አዳራሹም በአንድ ድምፅ መለሰለት። ከ1927 ዓ.ም. ጀምሮ ንግግር የሚያደርገው ወገን በዚያ ሌሊት ሰሚ ሆኖ ተቀመጠ።

ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ሃጫሉ በአዲስ አበባ በጥይት ተገደለ። ከዚያ በኋላ በተነሣው ሁከት የብዙ ሰው ሕይወት ጠፋ፤ በየከተማው ቤትና ንብረት ተቃጠለ፤ ከሟቾቹ መካከል ከነገሩ ጋር አንዳች የማይገናኙ ሰዎች ነበሩባቸው። ጸጋዬ በ1998 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ሲያርፉ አስከሬናቸው ወደ አገር መጥቶ በአዲስ አበባ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀብሯል። ሃጫሉ ሰኔ 25 ቀን በአምቦ ተቀበረ።